አክስቴ በአባቴ ማይክሮስኮፕ ሥር

አባቴ ዝምተኛ ነው፤ ቃል ከአፉ በወረንጦ የሚነቀል ይመስላል። ፓቶሎጂስት ነው። ሐኪሞች ከበሽተኛ ሆድ ቆንጥረው የሚልኩለትን ቅንጣት ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያየ ሕመሙን ይለያል። ከሁሉም የሚወደው ትንሹን አንጀት ነው። ጤነኛ አንጀት ውስጡ እንደ ጣት ቀጥ ብለው በቆሙ ጥቃቅን ነገሮች የተሞላ ነው፤ ምግቡን ተቀብለው ወደ ደም የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። አባቴ «ጣቶቹ» ይላቸዋል፣ ስለ ልጆቹ የሚያወራ ይመስል።

የእናቴ ታናሽ እህት የቤታችን ሆደ ባሻ ነበረች፤ መጠሪያዋ ራሱ እሱ ሆኖ ቀረ። ቀጭን ናት፤ ቶሎ ይደክማታል፣ ቶሎ ይከፋታል። እሁድ ምሳ ላይ ጥቂት ቀመስ አድርጋ ስትነሳ፣ ደግሞ ምን አስቀየምናት እንባባላለን። ሆዴን አመመኝ ስትል እናቴ ሆድሽማ ድሮም አመል ነው ያለበት እያለች ታሾፍባታለች። ኋላ ላይ አክስቴ መናገሩንም ተወችው።

አንድ ጠዋት አባቴ አንድ የመስታወት ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ልማዱ መጀመሪያ ማየት ነው፤ ስም የሚያነበው ኋላ ነው። ሮዝና ሐምራዊ ቀለም በጠጣው ሥጋ ላይ ጣቶቹ የሉም። እንደታጨደ ሜዳ ልሙጥ ብሏል። ስንዴ የማይስማማው ሰው አንጀት መሆኑን ወዲያው ጠረጠረ። ከዚያ ስሙን አነበበ። የአክስቴ ነው። ለማንም ሳትነግር ተመርምራለች።

ዘመዱ ናትና ብቻውን ሊፈርድ አልወደደም። የማን እንደሆነ ሳይነግራት ለሥራ ባልደረባው አሳያት፤ እሷም ያንኑ አለች። ውጤቱ በእሷ ፊርማ ለአክስቴ ሐኪም ተላከ።

ጭንቁ እሁድ መጣ። የበሽተኛ ምስጢር ነውና አባቴ ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ አክስቴም ውጤቷን ገና አልሰማችም። ዳቦው ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ አባቴ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ቀመሰች፣ ተነሳች። እናቴ ሆደ ባሻችን ተነሳች ስትል አባቴ ሹካውን አስቀመጠ።

«ከዛሬ ወዲያ በዚህ ስም እንዳትጠሯት» አለ። «ሰው አመመኝ ካለ አሞታል።»

እናቴ ሰውየው ራሱ የታመመ መስሏት ግንባሩን ዳበሰችው።

አክስቴ ውጤቷን የሰማች ዕለት ከሐኪሙ ቀጥታ ወደ እኛ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ፣

«ጋሼ፣ ያን እሁድ አውቀህ ነበር?» አለችው።

«ዳቦውን ከእጅሽ ልነጥቅሽ ምንም አልቀረኝም ነበር።»

እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀምራ እንባ ቀደማት።

ከዚያ ወዲህ ዳቦና ማካሮኒ ከእሁድ ገበታችን ጠፉ። የአክስቴ ጉንጭ ሞላ፣ ወዟ ተመለሰ፤ ደረጃ ስትወጣም ማረፍ ተወች። ዳግም ናሙና ሲወሰድላት አባቴ ላቦራቶሪው ድረስ ይዟት ሄዶ የድሮውንና የአሁኑን አሳያት። ጣቶቹ አጠር ብለውም ቢሆን ብቅ ብቅ ብለዋል። ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ ቆየች። እሱም ደስታው አላስችል ብሎት፣ ለተማሪዎች የሚያሳየውን የጤነኛ ሰው ስላይድ እዚህ ነው የምንደርሰው ብሎ ጨመረላት።

አክስቴ ቀና አለች።

«የሰው አንጀት እያደነቅክ የኔን ልታጣጥልብኝ ነው ያመጣኸኝ?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አባቴ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ፣ እየሳቀም እየለመነም፣ ኮሪደሩን ሙሉ ተከተላት።