ሐኪሙ ያለውና እኔ የተረጎምኩት

ይህን ለባሌም አልነገርኩም። ሱጁድ ላይ ግንባሬን ደፍቼ እንኳ ጥፋቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። አታጽናኑኝ።

ታናሽ እህቴን ሰሚራን ዋሸኋት።

ሰሚራ ከነልብ ሕመሟ ነው የተወለደችው። ልቧ ቀዳዳ ነበረው፤ ደም ወደ ሳንባ የሚወስደውም መንገድ ጠባብ ነበር። እናታችን እኔን ድሬዳዋ አክስቴ ቤት ጥላ ውጭ አገር ወስዳ አሳከመቻት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ልጅ ያለ አይመስልም ነበር። "ሰሚራን አታስሩጫት፤ ሰሚራን አታስለቅሻት።" ጠላኋት። ልጅነት ነው አትበሉ፤ ካደግኩም በኋላ ጠልቻታለሁ።

ጅቡቲ መጥቼ ካርቲየ 4 የሚባል ሰፈር ልብስ ሱቅ ስቀጠር ተከትላኝ መጣች። ሠርጌ ሁለት ወር ሲቀረው ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ትንፋሽ አጠራት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው፤ እሷ ያኔ ገና አትሰማም። ምርመራውን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። በልጅነቷ ልቧን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ አንዱ የልቧ ቫልቭ ደም ወደ ኋላ እያፈሰሰ ነው፤ በዚህ የተነሳ የልቧ ቀኝ ክፍል ሰፍቷል፤ ቫልቩ ቶሎ ከተቀየረ የሰፋው ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ከቆየ ግን ላይመለስ ይችላል አለኝ። "ሳትዘገዩ" አለ። ሁለት ጊዜ።

"ምን አለ?" አለችኝ ሰሚራ።

እናቴ ታየችኝ። ለሠርጌ ልትመጣ የተሰናዳችው እናቴ፣ እኔን ትታ እንደገና እሷን ይዛ ስትሄድ።

"ደህና ነሽ አለ። ሙቀቱ ነው፤ ውኃ ጠጪ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ለሐኪሙ ደግሞ "ገብቷታል" አልኩት።

ሠርጌ ላይ እናቴ ጨፈረች። ሰሚራም ቁጭ እያለች እየተነሳች ጨፈረች። እሺ፣ ሠርጉ አለፈ፤ ከዚያ በኋላስ ምን አፌን ያዘኝ? ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት ሄደ። ፈርቼ ነበር ብል ዋሸሁ። አንዳንድ ቀን እግሯ አብጦ፣ ግድግዳ ተደግፋ ስትተነፍስ እያየሁ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። እኔ፣ እህቷ።

በመጨረሻ ገበያ መሃል ወደቀች፤ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔው ነኝ። ውጭ አገር ተወስዳ ቫልቧ ተቀየረ። አዲሱ ቫልቭ በደንብ ይሠራል፤ የሰፋው ልቧ ግን አልተመለሰም። ማርገዝ እንደማይገባት ሲነግሯት ፈረንሳይኛውን ለምዳ ስለነበር ራሷ ሰማችው። አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ባለፈው ዒድ ዘመድ በተሰበሰበበት እጄን ያዘችና፣ "ዘሃራ ባትኖር ኖሮ እኔ ዛሬ አፈር ነበርኩ" አለች። ሁሉም መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሰው ናት፤ እሷ ደግሞ ምን እንዳደረግኳት አታውቅም። እንዳታውቅ የማደርጋትም እኔው ነኝ፣ ዛሬም።