የሸጌ ጎንና የበርበሬው ማሳ

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ክረምት አክስቴን ሸጌን አልማዝ ባለ ጭራ ያዛት። ከቀኝ ጡቷ ሥር ተነሥቶ እስከ ጀርባዋ የዞረው ሽፍታ በወሩ ደረቀ፤ ቆዳውም ዳነ። ሕመሙ ግን አልወጣም። ቀሚሷ ጎኗን በነካት ቁጥር እሳት እንደ ነካት ትንዘፈዘፍ ነበር። ልብሷን በግራ እጇ ከገላዋ አርቃ ይዛ የምትሄድ ሴት በምን እጇ በርበሬ ትልቀም?

ባሏ ከሞተ ወዲህ በወረታ ዳር ያለውን የበርበሬ ማሳ ብቻዋን ስታሳርስ፣ ስትለቅምና ይፋግ ገበያ ወስዳ ስትሸጥ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። በመስከረም ታላቅ ወንድሟ አዛናው መጣና ሁለት ነገር ቆርጦ ነገራት፤ ጎኗ በጋለ ብረት እንዲተኮስ፣ ማሳውም ለእኩል አራሽ እንዲሰጥ።

«ወንድምዓለም፣ ለቀማ እስኪደርስ ጠብቀኝ» አለችው። «ያን ጊዜ ማሳው ላይ ካላገኘኸኝ ስጠው። ብረቱን ግን ለበሬህ አቆየው።»

ዘዴው የመጣላት ከገዛ እጇ ነበር። በርበሬ የምትቀነጥስ ሴት ጣቷ ይቃጠላል፤ በአራተኛው ቀን ግን ይደነዝዛል። ጣቷን ያደነዘዘ ጎኗን ስለ ምን አያደነዝዝም?

መጀመሪያ ተሳሳተች። የቀባችው ለወጥ የተሰናዳውን፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ድልህ ነበርና ቆዳዋ ተላጠ። ጎረቤቷ እታለም ይህን አይታ «ሸጌ፣ እንቁላሉን መቼ ልጨምርበት?» አለቻት። ሸጌ እያለቀሰች አጠበችው።

ቁስሉ እስኪሽር ጠበቀች። ከዚያ ፍሬው የተራገፈ ንጹሕ ዛላ ፈጭታ፣ ከዱቄቱ ቁንጥር ብቻ በኑግ ዘይት አቅጥና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ትቀባ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒቱ ከሕመሙ ባሰ፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቻለችው። አዛናው እኩል አራሹ እንደ ተገኘ ቢልክባትም ቅባቱን አላቋረጠችም። በአራተኛው ሳምንት ቀሚሷን የያዘው ግራ እጇ ተፈታ።

በኅዳር አዛናው ሰውየውን አስከትሎ ሲመጣ ሸጌ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ታጥቃ ትለቅም ነበር። አዛናው ወገቧን አተኩሮ አየ።

«ዳንሽ?»

«አልዳንሁም፤ አሁንም ይወጋኛል። ግን ታጥቄአለሁ» አለችው ቀና ሳትል። «እንግዳህ ለቀማ ከቻለ ያን ጥግ ይያዝልኝ። ምሳውን እኔ አበላዋለሁ።»