አባቴ «አውርዱ» ያለ ቀን

ጭልጋ ውስጥ፣ ከእኛ ሰፈር በላይ ካለው ገደል ሥር፣ ድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር። እኔ እዚያ ለቃሚ ነበርኩ። ማኪናው ቆፍሮ የሚከምረውን እኛ ሴቶች ቁጭ ብለን ከሰሉን ለብቻ፣ ድንጋዩን ለብቻ እንለያለን። ምስር እንደመልቀም ነው፤ ምስር ግን ጥፍር ሥር ገብቶ አይቀርም። ቅዳሜ የቱንም ያህል ብታጠብ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ይጠቁራል። አልከፋኝም። ከባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ የሰው እጅ ሳላይ የኖርኩት በዚያ ሥራ ነው። እንዲህ ኖሮ የማያውቅ ሰው ስለ ጥቁር ነጠላ ባያወራኝ ደስ ይለኛል።

አባቴ ከሰሉ ከሚወጣበት ጉድጓድ በታች፣ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚያርሰው። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከሰሉን እያጠበ ወደ ወንዙ አወረደውና ውሃው ጠቆረ። ከብቶቹ አሽትተው ሳይጠጡ ይመለሱ ጀመር። አንዲት ጊደራችን ሆዷ ተነፍቶ ሞተች፤ በከሰሉ ይሁን በሌላ እስካሁን አላውቅም። የታች ሰፈር ሰዎች ተሰብስበው አባቴን «አንተ ተናገርልን» አሉት። ድንበር የተጋፋ፣ ሚስቱን ያባረረ፣ ደም የተቃባ ሁሉ የሚታረቀው እሱ ፊት ስለነበር ሌላ ሰው አልታሰባቸውም። ወረዳ ሄዶ ተናገረ።

«መሥሪያ ቤትሽን ከስሼ መጣሁ» አለኝ ሲመለስ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት። ምሳ አቀረብኩለትና አብረን በላን።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች መጡ። ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ትዕዛዝ ደረሰ፦ ድርጅቱ ጥቁሩን ውሃ የሚያጣራ ገንዳ እስኪሠራ ድረስ ሥራ ይቁም። አለቃችን ሰበሰበን። ስለ ገንዳው ግን ትንፍሽ አላለም። «አንድ ሽማግሌ ከሶን ነው፤ እሱ ክሱን ካነሳ በማግስቱ ሥራ እንጀምራለን» አለን። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

በእኛ አገር እንቢ ላለ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል። ነገሩ ሲከብድ ደግሞ ለማኙ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ላይ ይንበረከካል። ባለቤቱ «አውርዱ» ካለ፣ እሺ ብሏል፣ አለቀ። ዝም ካለ ድንጋዩ እዚያው ነው። ለእኔ እንደሚመጡ አልነገሩኝም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጅ ላይ ሽንብራ ስለቅም ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፣ ከኋላቸው አራት ወንዶች የሥራ ጓደኞቼ። አራቱ ጉድጓዱ ዘንድ ተቃጥረው ስለነበር እዚያው እጃቸው የደረሰበትን አንስተው መጥተዋል። የተሸከሙት ከሰል ነው።

«ምነው? ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» አለ አባቴ።

አንዱ ሽማግሌ ያን ጊዜ ገና ዞሮ አየ። «እናንተ ከንቱዎች፣ ምን ተሸክማችሁ ነው እኔን ያመጣችሁኝ?» አላቸው። ምን ይሆናል፣ ተንበርክከዋል።

«አያ፣ ስለ መድኃኔዓለም ይማሩን፤ ልጆች አሉን» አለ ከአራቱ አንዱ።

«እኔስ ከብት የለኝም? ውሃ አልጠጣም?» አለ አባቴ። «ደግሞ ያስለቀሰኝን ነገር ተሸክማችሁ ደጄ ትመጣላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ እንዲቀመጡ ቢለምናቸውም እንቢ አሉ፤ ጉዳያቸው ሳይፈጸም አይቀመጡም። እሱ ራሱ በስንቱ ደጅ እንዲሁ ቆሞ ሰውን አስጨንቋል። ይህን ሳስብ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ፀሐዩ ይፋጃል። የሰዎቹ ላብ ከከሰሉ ጋር ተቀላቅሎ በጀርባቸው ይወርዳል። አባቴ ያንን ጥቁር ነገር ከደጁ ማየት አስጠልቶታል፤ አንሱልኝ እንዳይል ደግሞ አውርዱ ማለቱ ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሽማግሌ በቆመበት ሴት ልጅ አትጠየቅም። ሁሉም ደነገጡ። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ «ሥራዬን እፈልጋለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ዛሬም ቢጠይቀኝ ያንኑ እለዋለሁ።

«አውርዱ» አለ።

በማግስቱ አብረን ወረዳ ሄድን። ቢሮ ውስጥ የነበረችው ባለሙያ ተነስታ ወንበር ሰጠችው። ክሴን አንስቻለሁ ሲላት አዘነችለት መሰለኝ። «አባባ፣ ውሃው እኮ ተመርምሯል» አለችው። «እርስዎ ቢተዉት ሕጉ አይተወውም። ገንዳውን ይሥሩ፣ ሥራቸውን ይቀጥሉ፣ ማንም አይከለክላቸውም።»

«እና እኔ ለምን መጣሁ?» አላት።

ድርጅቱ ገንዳ አልቆፈረም። ማኪናዎቹን ጭኖ ሄደ፤ ገንዳ ከመሥራት ሌላ ቦታ ሄዶ መቆፈር ረክሶት ይሆናል። አለቃችን ነገሩ የገንዳው እንጂ የክሱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር? ያውቃል እንጂ! ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ አልተናደድኩም። ጥርስ ሊነቀል ሲል እንደሚወጉት መርፌ የሆነ ነገር ውስጤን አደነዘዘው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ከሥራው ጋር የአባቴም ቃል ሄደ። የታች ሰፈር ሰዎች ክፉ አልተናገሩትም። ሰላም ይሉታል፣ ለዝክር ይጠሩታል። የተጣላ ሰው ግን ደጃችንን አልፎ ወደ ሌላ ሽማግሌ ይሄዳል። «ለልጁ ሲል ቃሉን ያጠፈ ለማን ይጸናል?» ብለዋል አሉ። አባቴ አጥሩ ዘንድ ቆሞ ሲያልፉ ያያቸውና «ደህና ዋላችሁ?» ይላቸዋል። ያንን ማየት ስላልቻልኩ ነው ጎንደር የገባሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ሥራ ፍለጋ ነው እላለሁ።

አሁን ፒያሳ አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ውሃ ሲኖር ነው ታዲያ። ቧንቧው ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ይሯሯጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ለሳምንታት ይጠፋል። ከሰሉ ላይ አብረውኝ ከሠሩት አንዱ እዚሁ ባጃጅ ይነዳል፤ ሌሎቹ ሰሊጥ አጨዳ ወደ ሳንጃ ወረዱ ሲባል ሰምቻለሁ። ስንገናኝ ስለ ጉድጓዱ አናወራም፤ ምን ይወራል።

በቀደም፣ ተዘግቶ የነበረው የጭልጋ መንገድ የተከፈተ ሰሞን፣ አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። ጀሪካን ተሸክሟል። ጠላ ነው ብዬ ነበር። ስከፍተው ውሃ ነው።

«ውሃ ጠፍቷል አላልሽኝም?» አለ። «ከወንዛችን ነው። ጠርቷል፣ ሸጋ ሆኗል።»

እኔ በተከራየሁበት ግቢ የሚኖሩት ሴቶች ሰምተው ኩባያ ይዘው ወጡ። ለእያንዳንዳቸው ቀዳላቸው። ሰው እንዲያ ከቦት ካየሁት ቆይቷል። አንዷ ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ አየችና «አባባ፣ እንዲህ የጠራ ውሃ ከየት አገኙ?» አለችው።

«ከአገራችን ወንዝ» አለ። «ከሰል የሚያወጡ ሰዎች አጥቁረውት ነበር። ይቺ ልጄ ሥራዋን ትታ አተረፈችልን።»

ሴቶቹ «ተባረኪ» አሉኝ። አባቴን አየሁት። ቀልድ አልነበረም፤ ሰው ሲያስታርቅ የሚይዘውን ፊት ነው የያዘው። አላረምኩትም። ለእኔም ቀዳልኝና ጠጣሁ።