ነሐሴ ሠላሳ አንድ

የትናየት ሞጣ ላይ፣ በምንይሉ ቤት በረንዳ፣ ከጣሪያው አግዳሚ በገመድ ተንጠልጥላለች። እግሯ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሏል። የታጠቀችው የፓራሹት ቦርሳ ነው፤ ቀበቶው ትከሻዋን፣ ደረቷንና ሁለቱን ጭኖቿን ጥብቅ አድርጎ ይዟታል። ምንይሉ ሥሯ ተንበርክኮ የግራ እግሯን ማሰሪያ ይስባል። እናቱ እማማ ፋንታነሽ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል።

«ኧረ አውርዳት፣ ምንይሉ! የሰው ልጅ በቤቴ ተሰቅላ አየሁ ብዬ ለማን ልናገር?»

«ልኳን እያየሁ ነው፣ እማዬ። ቀሚስ ሲገዛ አይለካም?»

«ቀሚስ መሬት ላይ ቁመው ነው የሚለኩት። እኔ ከአህያ ስወርድ እንኳ ማርያም ማርያም እላለሁ፤ ይቺ ከሰማይ ለመውረድ ዣንጥላ ትመርጣለች!»

የትናየት ሳቀች። ስትስቅ ገመዱ ዞረ፤ እማማ ፋንታነሽ አማተቡ።

ብቸና ላይ የመሬት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በዩኒቨርሲቲ የተማረችውም የመዝገብ አያያዝ ነው። ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ሲመጡ ጠቡ እሷ መደርደሪያ ላይ ባለ አንድ ወረቀት ይበርዳል ወይም ይብሳል። ስለዚህ አንዲት ቁጥር አታልፍም። ባለጉዳዮች በሌለችበት «ስንዴ ለቃሚዋ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ አልከፋትም።

ታናሽ ወንድሟ ሰማው አየር ወለድ ወታደር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የሞተው ግን ከሰማይ ወርዶ አይደለም፤ ለፈቃድ ወደ ቤት ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ነው። የሞተበት ቀን በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎ አገኘችው። እስኪታረም አራት ወር ተመላለሰች። «የሞተ ሞቷል፤ ቀኑ ምን ያደርግልሻል?» ሲሏትም መመላለሷን አልተወችም። ከእሱ የቀራት ያ ቀንና አንድ ወሬ ብቻ ነበር። ወሬው ፓራሹት ከተከፈተ በኋላ ስላለው ጸጥታ ነው። «ነፋሱ ጆሮሽን ሲያደነቁርሽ ይቆይና ድንገት ጭጭ ይላል፣ የትኔ። ያን ጊዜ ከታች፣ ከየት እንደሆነ ሳታውቂ፣ ውሻ ሲጮህ ይሰማሻል።»

ያን ውሻ ልትሰማው ፈለገች። ጡረታ የወጡ ጥቂት አየር ወለዶች ካቋቋሙት ትንሽ የዝላይ ክበብ ገባች፤ ዘጠኝ ጊዜም ዘለለች። ዘጠኙንም ጊዜ ከፍርሃቷ ጋር ስትታገል አንድም ድምፅ ሳትሰማ መሬት ደረሰች። ክበቡ አራት ፓራሹት አለው፤ ጀማሪው ሃያ ስድስት ነው። ተራዋ ከደረሳት አምስት ወር አልፏል። የራስሽን ግዢ ያሏት አሰልጣኟ ሻምበል ደምለው ናቸው።

«መጀመሪያ የምታዪው ተጠባባቂውን ነው» ብለዋታል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ጨርቅ ሁለት ነውና፤ ዋናውና ዋናው እምቢ ያለ ዕለት የሚከፈተው። «ቀጥሎ ልክሽን። ከዚያ የዋናውን ስፋት፤ ለጀማሪ ሰፊ ጨርቅ ነው የሚያዋጣው። ጠባብ ጨርቅ እንደ ፈረስ ነው፣ ጋላቢውን ያውቃል። ቀለሙን መጨረሻ።»

እሷ ግን ቀለሙን መጀመሪያ አየችው። ሰማያዊ ነው፣ በመሐሉ ቢጫ መስመር ያለበት። የሰማው ብርድ ልብስ እንዲህ ነበር። ስፋቱም ለክብደቷ የሚስማማ ሆነ። የክበቡ ቦርሳዎች ትከሻዋ ላይ ይንሸራተቱባታል፤ ይህኛው ለእሷ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስል ገጥሟታል።

«ጭስ ጭስ ይላል» አለች፣ አፍንጫዋን ወደ ትከሻዋ አዙራ።

«ከምድጃው በላይ ነው የምሰቅለው፣ አይጥ እንዳይደፍረው» አለ ምንይሉ። «በየዓመቱ ለመስቀል አውጥቼ ፀሐይ አሞቀውና መልሼ አጥፈዋለሁ። እጄ እንዳይረሳ።»

አባቷም የዘር በቆሎ ከምድጃ በላይ ይሰቅሉ ነበርና ነገሩ አልከነከናትም። ምንይሉ አሁን ቆርቆሮና ሚስማር ቢሸጥም፣ በወጣትነቱ ዓረብ አገር በአንድ የዝላይ ማዕከል ፓራሹት አጣፊ ነበር። ሲሰናበት ይህን ሰጡት። ራሱ አንድም ቀን ዘሎ አያውቅም። «እኔ ያጠፍሁት ግን ያልተከፈተ የለም» ይላል፤ ይህን ሲል ብቻ ድምፁ ከፍ ይላል።

«ካርዱስ?»

ቦርሳው ላይ ካለች ትንሽ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ተጠባባቂው ዓመት ሳይሞላው ተፈትቶ እንደገና መታጠፍ አለበት፤ ካርዱ በታጠፈ ቁጥር ቀኑና የአጣፊው ፊርማ የሚሰፍርበት ነው። የላይኞቹ መስመሮች የፈረንጅ ፊርማ አለባቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን በገዛ ፊደላችን «ምንይሉ» ተብለው ተፈርመዋል። የትናየት እንደተንጠለጠለች ዓይኗን የመጨረሻው መስመር ላይ ጣለች። 12/06/2011።

«የካቲት አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ» አለች ጮክ ብላ። «ገና አሥር ወሩ ነው። ዓመት አልሞላውም።»

የምንይሉ እጅ ማሰሪያው ላይ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መሳቡን ቀጠለ።

«ጠበቀ?» አላት።

«ጠበቀ።»

ልትገዛው ተስማምታ ቦርሳውን ወሰደች፤ ከሞጣ ሳትወጣም ለሻምበል ደምለው ደወለች።

«ተጠባባቂው መቼ ታጠፈ?»

«ዓምና የካቲት።»

«ሰው ነግሮሽ ነው ወይስ አይተሽ?»

«ካርዱን ይዤ ነው የማወራዎት።»

ሻምበሉ ሳቁ። «አንቺ ካነበብሽው እኔም አነበብሁት። እንግዲያው ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፣ ትዘያለሽ። ቅጹን ሞልተሽ ግን፤ ያለ ቅጽ ጳጳስም ቢመጣ አላሳፍርም።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብቸና ቢሮዋ ውስጥ ቅጹን ዘረጋች። ቅጹ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር፣ እንዲገለበጥ ይጠይቃል። አጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ ቢያዝን አንገቱን አሰገገ።

«ይህ ነው የሰማይ ቤት መታወቂያ?»

«ሥራህን ሥራ።»

«አይ፣ ምናልባት ጴጥሮስ በር ላይ ቢጠይቅሽ ብዬ ነው። አንቺ እኮ እሱንም ማኅተሙ ደብዝዟል ብለሽ ትመልሺዋለሽ።»

ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር አድርጋ መገልበጥ ጀመረች። ዓይን ያልፋል፣ እጅ አያልፍም፤ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የምታስተምረው ይህን ነው። የፈረንጆቹን መስመሮች ጨረሰች። ምንይሉ ከፈረመባቸው ሁለት መስመሮች የላይኛው ላይ ደረሰች።

31/12/2010።

ሦስትን ጻፈች። አንድን ጻፈች። እጇ ቆመ።

ወር አሥራ ሁለት ነሐሴ ነው። ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥሎ ጳጉሜን ይገባል እንጂ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን የለም። በአሥር ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ቀን የያዘ ሐሰተኛ ውል ሁለት ጊዜ ይዛለች። ይህ ግን ሐሰተኛ አልነበረም። ምንይሉ ቀኑን እንደ ፈረንጅ ነበር የጻፈው። ፊደሉ የአገር ስለሆነ ቀኑንም የአገር አድርጋ ያነበበችው እሷ ናት።

ከታች ያለው መስመርም እንግዲህ የካቲት አይደለም። ሰኔ ነው፤ ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ስምንት ዓመት ተኩል።

ቢያዝን አሁንም የሆነ ነገር እያለ ይስቃል፤ አልሰማችውም። ቅዳሜ አውሮፕላኑ በር ላይ ቁማ ነፋሱ ፊቷን ሲመታው፣ ዋናው ጨርቅ ቢጠማዘዝ፣ እጇ የሚዘረጋው ስምንት ዓመት ተኩል ጭስ ወደ ጠጣ ነገር ነበር። ሻምበሉም «አንቺ ካነበብሽው» ብለው ያመኗት ሰው ናት። ከዚያ ሁሉ በላይ ማሰሪያው ላይ ለአፍታ የቆመው እጅ ትዝ አላት።

አንድ ተስፋ ግን ነበራት። በየዓመቱ አጥፈዋለሁ ብሏል። ምናልባት ተጠባባቂውንም አጥፎ መጻፉን ረስቶ ይሆናል። ቀለሙ ዓይኗ ላይ ነበርና፣ እንዲያ እንዲሆን ፈለገች።

ሐሙስ ጠዋት ቦርሳውን ታቅፋ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ረዳቱ ከላይ ይጫን ቢላት እምቢ አለች።

«ምንድን ነው፣ ሕፃን ነው?»

«ሕፃን ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለችው።

ምንይሉ ከሱቁ ለምሳ ቤት ገብቶ አገኘችው። ቦርሳውን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ካርዱን አውጥታ ነሐሴ ሠላሳ አንድን በጣቷ አሳየችው።

«ይህ ቀን መቼ ነው?»

ምንይሉ ዓይኑን ከካርዱ ላይ አነሣ።

«ጋሽ ምንይሉ፣ ይህን ተጠባባቂ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠፉት መቼ ነው?»

«ዓምና… ዓምና ከፍቼዋለሁ። ካርዱ ላይ አልጻፍሁትም እንጂ።»

«ያልተጻፈ አልተደረገም።»

«አንቺ ደግሞ! እጄ ያውቀዋል እኮ እላለሁ።»

እማማ ፋንታነሽ ከውስጥ ወጡ። ልጃቸውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ምነው ልጄ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሰማያዊውን ነው እንጂ የምታሰጣው፣ የላይኛውንማ ነክተኸው አታውቅም። ምን ነበር ያልኸኝ? ይህ የመጨረሻዬ ነው፣ አላፈርሰውም አላልኸኝም?»

ምንይሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ተጠባባቂ ለማጠፍ የሚያበቃውን ፈቃድ ያገኘው ወደ አገሩ ሊመለስ ዓመት ሲቀረው ነበር። በገዛ ፊደሉ የፈረመውም በዚያ ኮርቶ ነበር።

«የካቲት ብዬ ሳነብ ሰምተሃል» አለች። አንተ ማለቷን ራሷም አላስተዋለችም። «እጅህ ቆመ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን አላረምኸኝም?»

«ጨርቅ ነው፣ ምን ይሆናል አልሁ። እኔ ያጠፍሁት ያልተከፈተ የለም። አንድ ቀን እንኳ ሰው ይዞት ሲወጣ ለማየት…» ቃሉን አልጨረሰውም።

የትናየት ቦርሳውን አነሣችና ጀርባዋ ላይ አደረገች፤ የደረቱን ቆለፈች፤ የእግሮቹን ሳበች። ግቢው መሐል ሄዳ ቆመች።

«ከተከፈተ ቅዳሜ እዘልበታለሁ» አለች። «ኑ እዩት።»

እማማ ፋንታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መለሱ። ምንይሉ ከግድግዳው ተላቀቀ። የተጠባባቂው እጀታ በደረቷ ግራ ነው፤ ሲሳብ ከጀርባ ያለው ክዳን ተፈንጥሮ ተጠቅልሎ የተጨመቀ ሽቦ ተጠባባቂውን የምትጎትት ትንሽ ጨርቅ ይዞ ዐይን ሳይርገበገብ መውጣት አለበት። ያዘችው። ሳበችው።

አልመጣም።

በሁለት እጇ ያዘች። ሰማው የዚያን ቀን መኪናው ሲገለበጥ ምን ይዞ ይሆን ብላ አሰበች፤ ለምን አሁን እንዳሰበችው አላወቀችም። በሙሉ ጉልበቷ ጎተተች። ከጀርባዋ እንደ ዝገት ያለ ነገር ተሰነጠቀና እጀታው እጇ ላይ ቀረ።

ጠበቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከሰማይ ላይ አራት ማለት ብዙ ነው።

«ወጣ?» አለች ሳትዞር።

ዞራ ምንይሉን አየችው። ወደ እሷ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ክዳኑ እንደ ሰነፍ ተማሪ ደብተር ገርበብ ብሏል፤ ሽቦው ግማሹን ተነሥቶ ዘንበል ብሎ ቀርቷል። እጁን ከቶ ጨርቁን ሳበው። ገመዱን የያዙት ላስቲኮች ቀልጠው እንደ ሙጫ ተጣብቀዋል። አንዱን እጥፍ ከአንዱ ሲያላቅቀው እርጥብ ወረቀት እንደሚላቀቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። ጥቀርሻው በጣቱ ላይ ቀረ።

«አጥፌው ነበር እኮ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «አሳምሬ ነበር ያጠፍሁት።»

«አሳምረህ አጥፈኸዋል» አለች የትናየት። ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። «ሰኔ ላይ።»

ቦርሳውን አውልቃ መሬት ላይ አኖረችው። እዚያው ቁማ ስልኳን አወጣች፤ ወደ ሻምበል ደምለው ደወለች። ሲያነሡ ሰላምታውን አላስረዘመችም።

«ቀኑን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ተኩሉ ነው። አሁን ሳብሁት፣ አልወጣም።»

«መሬት ላይ ነሽ?» አሉ ሻምበሉ።

«መሬት ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ምንም አልሆነ። ስምሽን ከክበቡ ተራ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አሥራ ዘጠነኛ ነሽ። ከእንግዲህ ግን አንቺ ያነበብሽውን እኔም አነበዋለሁ።»

«ያንብቡት» አለች። ቃሉ አሳመማት፤ ግን ትክክል ነበር።

ምንይሉ አሁንም ተንበርክኮ እጥፎቹን አንድ በአንድ ያላቅቃል። ካርዱን ከእስክሪብቶ ጋር አቀረበችለት።

«ምን ልጻፍ?»

«የሆነውን። ተከፈተ፤ አልወጣም። ቀኑንና ስምዎን።»

ጥቀርሻውን ሱሪው ላይ ጠረገና እስክሪብቶውን ተቀበለ። ከካርዱ በላይ እጁ ቆየ።

«በየትኛው አቆጣጠር?»

«በሁለቱም» አለች የትናየት፤ አጠገቡም ተቀምጣ ሲጽፍ አየችው።