ፀሐይ ያላየ እሳት

አማቴ ከእበት ጋዝ ከሚያወጣው ባዮጋዛችን ጋር የተጣሉት ገና ጉድጓዱ ሲቆፈር ነው። «በነጃሳ፣ በርኩስ እሳት የበሰለ ነገር በአፌ አይዞርም፣ ወላሂ!» ብለው ማሉ።

«እማ፣ ኩበትስ እበት አይደል እንዴ?» ብላቸው፣

«ኩበትማ ፀሐይ አይቶታል!» አሉኝ።

በዚህ ፍርድ እሳቸው በኩበታቸው፣ እኔ በባዮጋዜ እያበሰልን ኖርን።

የሠራልን ባለሙያ አጠቃቀሙን ሲያስረዳ በተች ስልኬ ቀርጬው ነበር። ቪዲዮ መቅረጽ የቻልሁበት የመጀመሪያ ቀን ስለነበር ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ቤት ለመጣ ሁሉ አሳያለሁ። ግማሹ የሰውየው ጫማ ነው፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። አማቴ ገና ሲከፈት ሻሻቸውን አጥብቀው ወደ በረት ይወጣሉ።

ከዚያ በክረምቱ መሀል ጦርነቱ ወረዳችን ሀብሩ ገባ። መብራትም ኔትወርክም ጠፋ፤ ወደ መርሳ ከተማ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። እንጨት የምንለቅምበት ተራራ ተኩስ ሆነ፤ ኩበቱን ዝናብ አበሰበሰው። ይባስ ብሎ ባዮጋዙም ጭል ጭል ብሎ ድርግም አለ። በዚያው ሰሞን የባሌ እህት፣ የአማቴ ብቸኛ ሴት ልጅ፣ እኛ ቤት ወለደች። ብዙ ደም ስለፈሰሳት ፊቷ አመድ መስሏል። ለገንፎዋ ዱቄት አለ፣ ቅቤ አለ፤ እሳት የለም። እንዳትሞትብን ፈራሁ።

ስልኬን አወጣሁ። ሁለት ፐርሰንት ቀርቶታል። ቪዲዮውን ከፈትሁ፤ ጫማው መጣ፤ ሰውየው «ምድጃው እምቢ ካለ...» አለና ስልኩ ጠፋ።

«ኧረ ጨርሰህ ጥፋ!» ብዬ ጮህሁበት።

ከበሩ ወዲያ የአማቴ ድምፅ ቀጠለ። «ምድጃው እምቢ ካለ ቧንቧው ውሃ አቁሯል ማለት ነው። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ያለችውን ቁልፍ ከፍታችሁ አፍስሱት። ያን ጊዜ ክብሪት እንዳትጭሩ፣ አደራ!» «አደራ»ዋ እንኳ አልቀረችም። ለካ በረት ሆነው ሲያጠኑት ኖረዋል!

ቁልፏን ስከፍት ውሃው ቡልቅ ብሎ ወጣ። ዘግቼ፣ ምድጃው ላይ ክብሪት ጫርሁ፤ ሰማያዊ እሳት ቦግ! ደስታ አሰከረኝ። ታጣቂ እንዳይሰማኝ እልልታዬን በሻሼ አፈንሁት።

ገንፎውን አማቴ ራሳቸው አገነፉ። አራሷ ግን ፊቷን አዞረች።

«አንቺ የማትበይውን ነጃሳ ለእኔ ታጎርሺኛለሽ?»

አማቴ ልጃቸውን አዩ፣ ገንፎውን አዩ። ቆንጥረው ቅቤ አስነኩና «ቢስሚላህ» ብለው ራሳቸው ጎረሱ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ዓይንሽን ታፈጥጫለሽ?» አሉኝ እያላመጡ። «ላሟ የበላችው ሣር ፀሐይ አይቶ የለም እንዴ?»

አራሷ ከወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የሚቀጥለውን ጉርሻ፣ ሳቋን ሳትጨርስ፣ አፏን ከፍታ ተቀበለች።