ኮት የለበሰው ሂላ

በዚያ ዘመን ቆላ ለቆላ ለሚዞር ሰው ዋናው ጥያቄ «ስምህ ማነው?» አልነበረም፤ «ማን ላከህ?» ነበር። ኬላ ላይ ወታደሩ፣ ቀበሌ ውስጥ ሊቀመንበሩ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ደግሞ የማላውቀው ሰው ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር ማንም አልላከኝም። ይህን መልስ የሚያምን ግን አልነበረምና፣ «ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲያነሳ ተፈቅዶለታል» የምትል ማኅተም ያረፈባት ወረቀት አወጣለሁ። ወረቀቷ ከላቤ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሳ ነበር።

ጉርድ ፎቶግራፍ እንጀራዬ ነበር። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ፣ ከሳንጃ እስከ አብርሃ ጅራ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሬ ሁለቱም ጆሮ እንዲታይ ስጨነቅ እውላለሁ። ልቤ ያለው ግን ሻንጣዬ ሥር፣ በሸሚዝ የተጠቀለለችው ሌላዋ ካሜራ ዘንድ ነበር። መተማ ላይ ከአንድ ጀላቢያ ለባሽ ነጋዴ የገዛኋት የፊልም ካሜራ ነች፤ በእጅ እየተጠመዘዘች የምትሠራ፣ በአንድ ጥቅል አራት ደቂቃ የምትቀርጽ። ነጋዴው ሲሸጥልኝ «ወላሂ፣ እቺ እንኳን ሰው ግመልም ታስቃለች» ብሎኝ ነበር። ስለ እሷ የሚናገር ወረቀት አልነበረኝም። ድንበር ላይ ፊልም የሚቀርጽ፣ ማንም ያልላከው ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም መንገዱን፣ ወንዙን፣ በጭነት መኪና አናት ላይ የሚሄደውን ሰው፣ ገበያ ላይ የተንበረከከውን ግመል ቀረጽኩ። ለማን እንደምቀርጽ ራሴም አላውቅም ነበር። ፈሪ ነበርኩ፤ ፍርሃቴ ግን ሱሴን አላስተወኝም።

አንድ ጥቅምት አብርሃ ጅራ አጠገብ ካለ እርሻ ገባሁ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ፣ ሁሉም የአንድ አገር ልጆች የሆኑ ሠራተኞች ነበሩበት። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ከዘገዩበት ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እንዳጎነበሱ ይውላሉ፤ ያጨዱትንም እያሰሩ እንዲደርቅ ያቆሙታል። ያንን የቆመ ክምር ሂላ ይሉታል። ከመካከላቸው አንዱ ጎልማሳ ካሜራዋን ሲያይ ማጭዱን ጣለና ኮቱን አውልቆ ለሂላው አለበሰው፤ ባርኔጣውንም ደፋበት። ከዚያ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና «እንደምን ዋሉ ጌታዬ? እባክዎ ትንሽ ጥላ ይለግሱን» አለው። ጓደኞቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም ስስቅ ካሜራዋ በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠች። እስከ ዛሬ ከቀረጽኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

በሁለት ሳምንቱ ያን ቀልደኛ ወባ ጣለችው፤ አልተነሳም። በዚያ በኩል ስመለስ ቀብረውት ደረስኩ። የሠራተኞቹ አለቃ ወደ ጎን ሳበኝና «ኸዚህ ቃል እንዳይወጣ» አለኝ። «ቤተሰቡ አልሰማም። መርዶው የሚነገረው እኛ አገራችን ስንገባ ነው፤ ኸቤቱ ደጅ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ።» አልተከራከርኩም። ሞት በወግ ይነገራል። ብቻውን ለቆመ ሰው መንገድ ላይ መርዶ የሚያረዳ ከገዳይ አይሻልም ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ነበሩ።

ፊልሙን ጎንደር ያለ አንድ ፎቶ ቤት በምስጢር አጠበልኝ። ከዚያው ያገኘሁትን አሮጌ የፊልም ማሳያ ይዤ ወደ ገንዳ ውሃ ስመለስ ግን ኬላ ላይ ተያዝኩ። የከተማው ካድሬ ዘንድ አቀረቡኝ። ዓይኑን ከማሳያው ላይ ሳያነሳ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ማን ላከህ?» የጉርድ ፎቶግራፍ ወረቀቴን ዘረጋሁለት። «ግድ የለም፣ ነገ ከሰሊጥ ሠራተኞቹ ስብሰባ በፊት ሁላችንም እናየዋለን። አንድ ነገር ብትደብቅ ግን አለቀልህ» አለኝ። ማሳያውን እሱ ዘንድ አስቀርቶ ፊልሙን ለእኔ መለሰልኝ። ለምን እንደመለሰልኝ አላውቅም፤ ምናልባት ፊልም የሚባለው ያ ትልቁ ዕቃ መስሎት ይሆናል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሌን ዘግቼ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን እያየሁ መረመርኩት። አንድ ቦታ ላይ ኬላው ከነወታደሩ በስተጀርባ ይታያል። በምላጭ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ጫፍና ጫፉን መልሼ ለጠፍኩት። ስለ ሟቹ ከልቤ ያሰብኩት የለም። ጓደኞቹ ራሳቸው «እሱንም አንዴ እንየው» ብለውኝ ስለነበር አልነካሁትም።

ያሳየነው በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ በተዘጋ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። መብራቱ ከወፍጮ ቤቱ ሞተር በሽቦ የተሳበ ነው። አንሶላዬን ግድግዳው ላይ ወጠርኩ። የአብርሃ ጅራዎቹ ሠራተኞች ውቂያውን ጨርሰው ገንዳ ውሃ ላይ ወደ አገራቸው የሚወስዳቸውን መኪና የሚጠብቁ ነበሩ፤ ጆንያ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ለካድሬው ወንበር አመጡለት። ከፊት፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

አለቃው ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ «የሟቹ አባት ናቸው» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት በመኪና ደረሱ። ወሬው ቢጠፋባቸው ልጃቸውን ፍለጋ ነው የመጡት። ሌላ ሥራ ይዞ ሳንጃ ሄዷል ብለናቸዋል። በሞቴ፣ እሱ ያለበትን ዝለለው።»

እንዴት አድርጌ ልዝለለው? ፊልሙ መዞር ከጀመረ በኋላ የሚቀረው ነገር በመዳፍ መስታወቱን መሸፈን ነው። ብሸፍነው ካድሬው አየኝ ማለት ነው፤ ካየኝ ደግሞ የልጁን መሞት በአባቱ ፊት ካልተናገርኩ በቀር የማቀርበው ምክንያት የለኝም። በዚህ መሐል ካድሬው «ጀምር!» አለ።

ጓንግ ወንዝ አለፈ። የጭነት መኪናው አለፈ። ግመሉ ተንበረከከ፤ ሠራተኞቹ በስሱ ሳቁ። ቀኝ እጄ መስታወቱ አጠገብ ነው። ከግመሉ ቀጥሎ እሱ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ካድሬውን አየሁት፤ እግሩን አጣምሮ ግድግዳውን ያያል። እጄ አልተንቀሳቀሰም። ፈራሁ፤ የፈራሁትም ለሽማግሌው ሳይሆን ለራሴ ነው።

ልጁ ኮቱን አወለቀ። ሂላውን አለበሰው። ባርኔጣውን ደፋ፤ እጅ ነሳ። ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ።

«ልጄ ነው!» አሉ። «የኔ ልጅ፣ ያውላችሁ!»

ካድሬው ከት ብሎ ሳቀ። «ልጅዎ ነው እንዴ አባት? ይኼ ቀልደኛ! በል፣ ድገምላቸው!»

ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩና ደገምኩት። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ተጠግተው ስለነበር የራሳቸው ጥላ ከልጃቸው አጠገብ አረፈ። ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ አለቃውን «እንግዲያ ሳንጃ ድረስ አልንገላታም፤ ኸናንተ ጋር እመለሳለሁ» አሉት። ሁላችንም በረዥሙ ተነፈስን።

ካድሬው ማሳያውን መለሰልኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የፈራሁት ግን አልደረሰብኝም፤ ነጻ ወጣሁ። ሠራተኞቹና ሽማግሌው በማግሥቱ በአንድ መኪና ሄዱ። እኔ ክፍሌን ዘግቼ ምላጬን አወጣሁና ልጁን ከፊልሙ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ለራሴ የነገርኩት «ሌላ ዘመድ መጥቶ እንዳይጎዳበት» ብዬ ነው። ሐሰት ነው፤ እኔው ነኝ ልየው ያልቻልኩት።

ዓመት ዞሮ ጥቅምት ሆነ። ገንዳ ውሃ ላይ አንሶላዬን ወጥሬ ጉርድ ፎቶግራፍ ሳነሳ እኒያው ሽማግሌ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ራሳቸውን ተላጭተዋል። «ነፍስ ይማር» አልኩና ካሜራዬን አስቀመጥኩ።

«በማለዳ ነገሩኝ» አሉ። «በወጉ አለቀስሁ። ያወቅሁት ግን እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው።»

«እንዴት አወቁ አባቴ?»

«እንዲያ ሲያስቅ ኸዚያ ሹም በቀር ማን ሳቀ? ያገሬ ልጆች ሁሉ የሚያዩት እኔን ነው። ግድግዳውን የሚያይ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«በወግ ሊነግሩኝ ያን ያህል ጊዜ በሆዳቸው ችለው ይዘውት፣ እኔ ላፍርስባቸው? ይልቅ ያ ሰው ድገምላቸው ሲልህ ደስ አለኝ። ተሰናበትሁት።» በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። «እናቱን ይዣት መጥቻለሁ። አንዴ አሳያት። እሷ እኮ አልተሰናበተችውም።»

በሩ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ስንቃቸውን ታቅፈው ጥላው ውስጥ ተቀምጠዋል። ስንት ቀን በመንገድ እንደቆዩ እግራቸው ላይ ካለው አቧራ ይታወቃል። እንደሌለ እያወቅሁ ሻንጣዬን ከፍቼ በረበርኩ። ሽማግሌው እጄን እያዩ ጠበቁኝ። በመጨረሻ ቀና ሳልል «ፊልሙ የለም አባቴ፤ ቆርጬ አቃጠልኩት» አልኳቸው። ዘመድ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንዲያው በባዶው አረዳኋቸው።

ወደ በሩ ዞር ብለው ሚስታቸውን አዩ።

«እንግዲያ መቃጠሉን እዚህ አንነግራትም» አሉ ዱላቸውን አንሥተው። «ኸቤታችን ስንገባ፣ በማለዳ እነግራታለሁ።»

ወጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። እናትየው ቀና ብለው አንድ ነገር ጠየቋቸው።

«የፊልሙን ዕቃ ሳንጃ ወስደውታል አሉ» ሲሏቸው ሰማሁ።