ከአስቸኳይ የቀደመው ጸሎት

«ከዛሬ ጀምሮ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ይቀድማል፤ ማንም አያዘገየውም።» ይህ የጤና ቢሮ መመሪያ የደረሰኝ በጤና ጣቢያችን የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ጎግ ጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራ ነበር። ስልክ ስላልነበረ የየወረዳው ጤና ጣቢያዎችና የጋምቤላ ሆስፒታል የምንገናኘው በአንድ የሬዲዮ መስመር ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። መመሪያውን ስሰማ ተመስገን አልኩ። ዛሬ ሳስታውሰው ፈገግ ያሰኘኛል።

ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ነገር አስቸኳይ ሆነ። መጥረጊያ የፈለገም አስቸኳይ፣ ካርቦን ወረቀት ያለቀበትም አስቸኳይ። አንዱማ ለአማቹ ሰላምታውን «እጅግ አስቸኳይ» ብሎ አስተላለፈ።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደሟ አልቆም አለ። ሆስፒታል ካልደረሰች መሞቷ ነው። በሽተኛ የሚያመላልሰው መኪና ያለው ደግሞ አቦቦ ጤና ጣቢያ ነው። ወደ ሬዲዮው ሮጥኩ።

«አስቸኳይ ነው፤ ሰው ሊሞትብኝ ነው» አልኩ።

«እዚህም አስቸኳይ ነው እህቴ፤ ተራሽን ጠብቂ» አለኝ አንዱ። በላዩ ላይ ሌላው ገባበት፤ በሁለቱ ላይ ሦስተኛው።

የሬዲዮ ሠራተኛችን ኦሞድ የአካባቢው ተወላጅ ነው። እንደ እሱ የሌሎቹም ጣቢያዎች ሠራተኞች አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ታዲያ በመስመሩ ላይ «እንጸልይ» ከተባለ፣ አሜን እስኪባል የመናገሪያውን ቁልፍ የሚነካ የለም።

«ሲስተር፣ ጸልዪ» አለኝ።

«ኦሞድ፣ አሁን የጸሎት ሰዓት ነው እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይሰማል። አቦቦም ይሰማል።»

ቁልፉን ተጭኖ «እንጸልይ» አለ። መስመሩ ጸጥ አለ። አማተብኩና ጀመርኩ፤ «ጌታ ሆይ፣ ጎግ ጤና ጣቢያ ደም እየፈሰሳት ያለችውን እናት አስብ። አቦቦ የቆመውን መኪና አስነሣልን፤ ሾፌሩን አሁኑኑ ላክልን። ሆስፒታል ያሉትም ደም የሚሰጥ ሰው ይዘው እንዲጠብቁን አድርግ። አሜን።»

ከየጣቢያው አሜን ተባለ። ከአቦቦ የመጣው ግን «አሜን፤ ሾፌሩ ተነሥቷል» የሚል ነበር።

እናትየዋ ዳነች። መመሪያውን የሻረው የለም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ጌታ ሆይ፣ የክትባት ፍሪጃችን ነጭ ጋዝ ማለቁን አንተ ታውቃለህ» የሚል ጸሎት በዛ።

የንስሐ አባቴ ሩቅ ስለነበሩ፣ ያደረግሁት ጸሎት ይሁን መልእክት የምጠይቀው አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ሁለቱም ይመስለኛል። ያን ጠዋት በመስመሩ ላይ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ከአቦቦ አሜን ያለው ማን ነበር? ስሙን ንገሩኝ። በጸሎቴ ላነሣው እፈልጋለሁ፤ ያለ ሬዲዮ።